በሴት ነጥብ የተቀጠርኩ ጊዜ

ስማችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንደኛ ሆኖ ወጥቶ፣ ደስ ሊላችሁ ሲገባ ፍርሃት የያዛችሁ ቀን ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። አስተማሪ ስለሆንኩ ነገር ሲዘባረቅ አልወድም፤ ከሥሩ ጀምሬ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

የተወለድኩት ላሊበላ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የዜግነት ትምህርት አጠናሁ፤ ከተመረቅሁ በኋላ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ተቀመጥኩ። እናቴ ያስተማረችኝ የሆቴሎችን አንሶላ እያጠበች ነበር። እኔ ስመረቅ እንግዳው ቀርቶ ስለነበር የሚታጠበው አንሶላም አብሮ ቀረ። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤቱም ሲከፈት ሲዘጋ፣ ቅጥር የሚባል ነገር አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። የሚፈለገው የሁለተኛ ደረጃ የዜግነት መምህር ነው፤ ብዛት አንድ። ለዚያች አንድ ቦታ አሥራ አንድ ሆነን ተፈተንን።

ውጤቱ የተለጠፈው አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ነው። ሰሌዳው በከተማው ትምህርት ቢሮ በር አጠገብ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ፣ ፊቱ በሽቦ የተሸፈነ ነው። ሠንጠረዡን እንዳለ ላስረዳችሁ። ከግራ ሲጀምር ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ፆታ፣ የጽሑፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ፣ ከዚያ ድምር አለ። ከድምሩ ቀጥሎ አንዲት ጠባብ ዓምድ አለች፤ አናቷ ላይ «ድጋፍ» ይላል። መጨረሻው ጠቅላላ ውጤት ነው። በጠባቧ ዓምድ ውስጥ ከሁለታችን ሴቶች በቀር የሁሉም ቦታ ሰረዝ ነው። በእኔ መስመር ላይ ግን በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ተጽፏል። ድምሬ ሰባ ሁለት ነበር። ሦስት ሲጨመርበት ሰባ አምስት ሆኖ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጣው ሰው ሰባ አራት ነው። ከሠንጠረዡ ግርጌ «ቅሬታ ያለው በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ያቅርብ» ይላል።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ደስ አለኝ። በሁለተኛው ሰባ ሁለትና ሰባ አራትን አየሁ። በሦስተኛው ከጀርባዬ ሰው እንዳለ ተሰማኝ።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ እታለም» አለኝ።

ዞር ስል ባለ ሰባ አራቱ ነው። ቦታው በወጣበት ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት በኮንትራት አስተምሯል። በአምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ሚስትና አንዲት ልጅ አለው። ተማሪዎቹ ይወዱታል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ፍርሃቴ ይቀንስልኝ ነበር፤ ከፈተናው በፊት የመምህሩን መምሪያ ያዋሰኝ ግን እሱ ራሱ ነው።

«ወንድምዓለም፣ እኔ እኮ…» ብዬ ቆምኩ።

«አንቺ ምን አደረግሽ? ካንቺ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከሦስቷ ጋር ነው።» ጣቱን በሽቦው ቀዳዳ አሾልኮ ጠባቧን ዓምድ ነካት። «ቅሬታ አስገባለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።»

«ሕገ መንግሥቱ ላይ እኮ አለ።»

«ሠላሳ አምስት፤ አውቃለሁ። እኔም አስተምረዋለሁ። ሃያ አምስትንም አስተምራለሁ» አለና ሄደ።

ይህንን ማብራራት አለብኝ። ሃያ አምስተኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው፣ በፆታም ሆነ በሌላ ልዩነት አይደረግበትም ይላል። ሠላሳ አምስተኛው ደግሞ ሴቶች ለረጅም ዘመን ዝቅ ተደርገው ስለታዩ፣ ያ እንዲታረም ተጨማሪ ድጋፍ ማግኘት መብታቸው ነው ይላል። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነገሩን ወደ ቅጥር ያወርደዋል፤ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጡት መካከል ለሴት ቅድሚያ ይሰጣል። ቢሮው ሦስት ነጥብ የሚጨምረው ይህን በቁጥር ለማስላት ነው። ሰው «የሴት ነጥብ» ይለዋል። ለተማሪ ሳስረዳው ቀላል ነው። በራሴ ስም ትይዩ ተጽፎ ሳየው ግን ጥያቄዎቹ እየተከታተሉ መጡብኝ። ሰባ ሁለትና ሰባ አራት ተቀራራቢ ናቸው? ተቀራራቢ ማለትስ ስንት ነው? ማስታወቂያው «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» ከማለት በቀር ስለ ነጥብ ያለው ነገር የለም። ያልተነገረ ነጥብ መጨመር ሕጋዊ ነው? ከሁሉም የባሰው ጥያቄ ግን የሕግ አልነበረም። እነዚያ ሦስት ነጥቦች ቢነሱ እኔ ማን ነኝ?

በማግሥቱ ወደ ቢሮው ስሄድ ባጃጅ ተራው ጋ ደረስኩ። ሹፌሩ ሁለት ሰው ጭኖ አንድ ቀርቶት ይጣራል። አንዱ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ልጅ አየኝና «እሷን ካሳፈርክ ትርፍ ልትጭን ነው! እሷ ብቻዋን በሦስት ነው የምትቆጠረው!» አለ። ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ። «በል ቀልድህን ተው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ናት» አለ ሌላው፤ ይሄኛው ደግሞ የባሰ አሳቃቸው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰው በፍርሃት ሲስቅ ጉንጩ እንደሚያም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በእግሬ ወረድኩ።

ቢሮው ውስጥ የሰው ሀብት ባለሙያዋ ከመስኮቷ ጀርባ ተቀምጣለች። በዕድሜ እናቴን ታህላለች።

«እትዬ፣ ስለ ድጋፍ ነጥቡ የወጣውን መመሪያ ማየት ፈልጌ ነበር።»

«መመሪያው አለ።»

«ማንበብ እችላለሁ?»

«መሳቢያ ውስጥ ነው።»

«መሳቢያው…»

«ቁልፉ ኃላፊው ጋ ነው። ኃላፊው ስልጠና ሄዷል።» ቀና ብላ አየችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቅሬታው ገብቷል። በጽሑፍ ሦስት ገጽ ነው። አንቺም ብታስቢበት ይሻልሻል። ለማንኛውም ደብዳቤሽ እስኪወጣ አንዳች ነገር እንዳትጀምሪ።»

ሦስት ገጽ! እኔ ብሆን በአንድ ገጽ እጨርሰዋለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሁለቱ ትርፍ ገጾች ምን ቢሉ ነው አልኩ። ቤት ገብቼ የምመልሰውን በደብተር መጻፍ ጀመርኩ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልኩ ሰባት ደረስኩ። እናቴ በበሩ ባለፈች ቁጥር «አሁንም ትጽፊያለሽ?» ትለኛለች። ሥራው ለእሷም ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያ ሳምንት የጎረቤት ሰው ሁሉ «የመምህርቷ እናት» ብሎ ጠርቷታል፤ ስሟ ተመልሶ «አጣቢዋ» እንዳይሆን ትፈራ ነበር። ትፈራለች ማለት ልክ አይደለም። ሁለታችንም ፈርተን ነበር፤ እሷ ግን አትናገረውም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሰዎች ደጃችን ላይ ቆሙ። አንደኛው የንስሐ አባታችን ናቸው። ሁለተኛው ሰፈር ውስጥ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ድንበር ሲገፋ የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። እናቴ ተንደርድራ ወጣች።

«ግቡ እንጂ አባቶቼ! ኧረ ተቀመጡ!»

«እንገባለን፤ የምንነጋገረው ግን ቆመን ነው» አሉ ጋሼ።

እናቴ ፊቷ ተለወጠ። እዚህ ሽማግሌ ለልመና ሲመጣ ቶሎ አይቀመጥም። የለመነው ከተፈቀደለት ይቀመጣል፤ የቀረበለትን ይቀምሳል፤ ይመርቃል። ካልተፈቀደለት እንደቆመ ይወጣል። ሽማግሌ ቆሞ የወጣበት ቤት ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁም መገመት አያቅታችሁም። እናቴ ከቤት ያለውን ዳቦ አውጥታ ቢላዋ አስደግፋ አስቀመጠችው። የነካው የለም።

ጋሼ ጀመሩ። «ልጃችን ተምረሻል፤ ብልህ ነሽ፤ እግዜር ይመስገን ጤና ነሽ። ዛሬ ባይሆን ነገ ሌላ ታገኛለሽ። ያኛው ልጅ ግን የቤት ኃላፊ ነው። ሁለት ዓመት የደከመበት ቦታ ነው። ሁለታችሁም የእኛው ልጆች ናችሁ። ቢሮ ለቢሮ ስትካሰሱ ደስ አይለንም። ለሰላም ስትይ ተይለት።»

ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ተጽፎ ያለቀ ነው፤ ያሸነፍኩበትን ቦታ ወድጄና ፈቅጄ ትቻለሁ ይላል። የቀረው የኔ ፊርማ ብቻ ነው።

እኔም ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ማስረዳት ጀመርኩ። ሃያ አምስትን አስረዳሁ። ሠላሳ አምስትን አስረዳሁ። ተቀራራቢ ማለት ምን እንደሆነ በጣቶቼ አሳየሁ። ይሄ የእርሻ ድንበር እንዳልሆነ፣ ነጥቡ ከእሱ ላይ ተቆርሶ ለእኔ እንዳልተሰጠ፣ የእሱ ሰባ አራት ሳይነካ እንዳለ መሆኑን ነገርኳቸው። አንደኛ፣ ሁለተኛ እያልኩ ቆጠርኩ። እስክጨርስ ሁለቱም ሰሙኝ።

«ልጄ፣ አዋጁን ደህና አድርገሽ ነገርሽን» አሉ አባ። «እኛ ግን ቆመናል።»

እናቴ ከኋላዬ ክርኔን ያዘችኝ። «ፈርሚ» አለች በሹክሹክታ። «ፈርሚና ይቀመጡ።» እስክሪብቶውን ጋሼ አቀበሉኝ። ወረቀቱን ደብተሬ ላይ አስደግፌ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ጻፍኩ። አንዷ ፊደል ከወረቀቱ ሁሉ ትልቅ ሆና ታየችኝ። ሁለተኛውን ልጀምር ስል አንድ ጥያቄ መጣልኝ። ተከራክሬ ለመርታት አልነበረም፤ መልሱን በእውነት አላውቀውም ነበር።

«አባ፣ እንዲህ ባይሆን ኖሮ፣ እሱ አንደኛ ወጥቶ እኔ ሁለተኛ ብሆን፣ እሱ ቤት ሄዳችሁ ትቆሙልኝ ነበር?»

ጋሼ ሳቁ። «እሱ ቤት? ምን ብለን? ወንድ ልጅን ሥራህን ልቀቅ ተብሎ ይለመናል እንዴ!»

አባ አልሳቁም። መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ፤ መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር። እስክሪብቶውን ዳቦው አጠገብ አስቀመጥኩት።

«እንግዲያው የቢሮው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ይወስን። ይቅር በሉኝ» አልኩ።

እንደቆሙ ወጡ። እናቴ ዳቦውን አነሳችና አገልግል ውስጥ ከተተችው፤ ከቤቱ ሰው ማንም እንዳይነካው አለች። ማን ወሰደው፣ ለማን ሰጠችው፣ አላውቅም። ለሦስት ቀን ያህል ከ«ብዪ» እና ከ«ዝጊው» ሌላ ቃል አላናገረችኝም።

የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው የተሰበሰበው ሐሙስ ጠዋት ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ። በአንድ ወገን ሰብሳቢው ከሁለት አባላት ጋር ተቀምጠዋል፤ ባለሙያዋ ፋይል ታቅፋ ጥግ ይዛለች። በዚህኛው ወገን እኔና እሱ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ሌላ ወንበር ስላልነበረ ነው። ደብተሬን በሁለት እጄ ይዤዋለሁ።

መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው። ጥሩ ተናገረ። ነጥቡ በማስታወቂያው ላይ አልተገለጸም አለ። ሁለታችንም አንድ ከተማ አድገን አንድ ዓይነት ትምህርት ስለተማርን፣ እኔ ከእሱ በምን ወደ ኋላ እንደቀረሁ እንዲነገረው ጠየቀ። ሁለት ነጥብ በአንድ ወንበር ውድድር ውስጥ ትልቅ ልዩነት ነው አለ። እያንዳንዱን ሲናገር በልቤ ልክ ነው፣ ልክ ነው እላለሁ፤ ከዚያ መልሴን በደብተሬ አየዋለሁ፤ ጽሑፌ አልነበብ ብሎኛል።

መጨረሻ ላይ «ቃለ መጠይቁ በምን በምን እንደተሞላ ይከፈትልኝ» አለ። የተበደለው እዚያ መስሎት ነበር።

ሰብሳቢው ለባለሙያዋ ምልክት ሰጧት። ሁለት ወረቀት አወጣች። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ። የትምህርት ዝግጅት፣ ሁለታችንም እኩል። የማስረዳት ችሎታ፣ እኔ በአንድ እበልጣለሁ። የክፍል አያያዝ፣ እሱ ይበልጣል። ከዚያ አንድ መስመር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«በቦታው የመቆየት ዕድል፣ ከአሥር። እሱ ስምንት። እሷ… አራት።»

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። በቃለ መጠይቁ ቀን ከጠያቂዎቹ አንዱ ፈገግ ብሎ «ነገ ባል መጥቶ ይዞሽ ቢሄድ ተማሪዎቻችንን ማን ያስተምራቸዋል?» ብሎኝ ነበር። እኔም ሳቅ ብዬ «ባሉ ገና መንገድ ላይ ነው» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እንዴት ያለ ጥሩ መልስ መለስኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት። ለካ እነሱ እየሳቁ አራት ጽፈዋል።

ከጠረጴዛው በታች በጣቴ መዳፌ ላይ ደመርኩ። ያ መስመር ቢወጣ የኔ ስልሳ ስምንት ነው። የእሱ ስልሳ ስድስት። እንደገና ደመርኩ፤ ያው ነው። ያለ ሴት ነጥብ እበልጠዋለሁ።

ሰብሳቢው ወደ ባለሙያዋ ዞሩ። «ይሄ መስፈርት በማስታወቂያው አለ?»

«የለም።»

«በመመሪያውስ?»

«እኔ የማውቀው የለም። ጠያቂዎቹ ናቸው የጨመሩት።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ይሄ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ላይ ቅሬታ ከቀረበ ፈተናውን በሙሉ እስከመሰረዝ ሊያደርሰን ይችላል። እንደ አዲስ ማስታወቂያ፣ እንደ አዲስ ፈተና።» ወደ እኔ አዩ። «በዚህ ላይ የምታነሺው አለ?»

እንደ አዲስ ፈተና! ማስታወቂያው መቼ ይወጣል? መንገዱ ቢዘጋስ? በጀቱ ቢታጠፍስ? ሁለት ዓመት ከተቀመጥኩ በኋላ የመጣች አንድ ወንበር ናት። ከተናገርኩ እውነቱ ይመዘገባል፤ ቦታው ግን ከእጄ ሊወጣ ይችላል። ዝም ካልኩ ቦታው ይቀርልኛል፤ ዕድሜ ልኬን ግን በሦስት ነጥብ የገባች እባላለሁ። ማስረዳት እንደምወድ እስካሁን አይታችኋል። ሽማግሌ አቁሜ አዋጅ ያስረዳሁ ሰው ነኝ። በዚያች ደቂቃ ግን ደብተሬን ዘጋሁት።

«የለኝም» አልኩ።

ከጎኔ የእሱ ወንበር ተንቋቋ።

«እኔን ስለ ሚስቴ የጠየቀኝ የለም» አለ።

«ምን አልክ?» አሉ ሰብሳቢው።

«በቃለ መጠይቁ ቀን በር ላይ ተራዬን ስጠብቅ ሰምቻለሁ፤ ባል ቢወስድሽ ብለዋታል። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ሚስቴ የኩልመስክ ልጅ ናት። ወላጆቿ ኑና እርሻውን ያዙልን እያሉ በየበዓሉ ይወተውቱናል። የመሄድ ነገር ከተነሳ ከሷ ይልቅ እኔ ቅርብ ነኝ። ስምንቱን ከየት አመጡት?»

 አንደኛው አባል «ታዲያ ቅሬታህን ታነሳለህ ማለት ነው?» አለው።

«አላነሳም። የልጅ አባት ነኝ። ሥራውን እፈልገዋለሁ።» ወደ እኔ አላየም። «የሆነውን ነው የተናገርኩት።»

ውሳኔው እስኪደርስ ስምንት ቀን ፈጀ። ባለሙያዋ እደውልልሻለሁ ብላኝ ነበር፤ ኔትወርክ ጠፋ። በየቀኑ ጠዋት ሰሌዳው ጋ እየሄድኩ እቆማለሁ። ሰሌዳው ላይ የሌለ ነገር ለማንበብ መሞከር እንዴት እንደሚያደክም! በሕልሜ ሳይቀር ሽቦውን አያለሁ። በስምንተኛው ቀን ተለጠፈ። አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ቃሉን እንዳለ ባልጽፈውም ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለቱ ውጤት ተቀራራቢ ነው። ለተቀራራቢ ውጤት ለሴት ቅድሚያ መስጠት ሕጉ ያዘዘው እንጂ ቢሮው የፈጠረው አይደለም፤ ማስታወቂያው ሳይጠቅሰው መቅረቱ ሕጉን አይሽረውም። እኩልነት የሚለው አንቀጽና ድጋፍ የሚለው አንቀጽ አይጣሉም፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እውነት ለማድረግ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ቅሬታው ውድቅ ሆኗል። በመጨረሻ አንዲት አጭር አንቀጽ ነበረች። በቦታው የመቆየት ዕድል የሚለው መስፈርት ለወደፊቱ እንዳይሠራበት፤ በአሁኑ ቅጥር ግን በዚህ ላይ ቅሬታ ያቀረበ ስለሌለ ኮሚቴው አልመረመረውም ትላለች።

ቅሬታ ያቀረበ ስለሌለ። እኔ ማለት ነኝ።

እናቴ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ሳሳያት ስልኩን ተቀብላ ግንባሯ ላይ አደረገችው። ስለ ስልሳ ስምንቱ አልነገርኳትም። አባ ከዚያ እሑድ ወዲህ ቤታችን አልመጡም፤ ቤተ ክርስቲያን ሳገኛቸው መስቀላቸውን ያሳልሙኛል፤ እንደ ድሮው ግን «እናትሽ እንዴት ናት?» አይሉኝም። ባለ ሰባ አራቱ ዕቃውን ጭኖ ከነቤተሰቡ ኩልመስክ ገብቷል። አውቶቡስ ላይ ሲወጣ አየሁትና ልጠራው ፈልጌ ፈራሁ።

አሁን ይህን የምጽፈው በሙከራ ጊዜዬ ላይ ሆኜ ነው። ስድስት ወር ነው፤ አራተኛው ላይ ነኝ። በየቀኑ ከደወሉ ሃያ ደቂቃ ቀድሜ እደርሳለሁ። ቀን ተሳስቼ ሰሌዳ ላይ ብጽፍ፣ አንድ ተማሪ ቢስቅ፣ «በነጥብ የመጣችው» ሲሉ ይሰማኛል፤ ባይሉም ይሰማኛል። ባለፈው ወር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት በኋላ ጠብቃኝ «መምህርት፣ ነጥቡ ባይኖር ይቀጥሩሽ ነበር?» አለችኝ። ሠላሳ አምስተኛውን አንቀጽ በደንብ አስረዳኋት። ጥያቄዋን ግን አልመለስኩላትም።

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቱ የላብራቶሪ ሠራተኛ ሊቀጥር ቃለ መጠይቅ አደረገ። ከጠያቂዎቹ መካከል ሴት መኖር አለባት ተባለና ከሦስቱ አንዷ ሆኜ ተቀመጥኩ። ሁለቱ ለእኔ አለቆች ናቸው፤ የሙከራ ጊዜዬን የሚሞላው ርዕሰ መምህሩ በቀኜ ነው። ተወዳዳሪዎቹ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ናቸው። ከመጀመራችን በፊት የጥያቄውን ወረቀት ሳነብ አምስተኛው ላይ፣ ለሴቶቹ፣ «የትዳር ሁኔታሽ ከሥራሽ ጋር እንዴት ይሄዳል?» የሚል አየሁ።  ዝም በይ፣ ሁለት ወር ነው የቀረሽ አልኩ ለራሴ። መጀመሪያ የገባው ወንዱ ነበር። አምስተኛው ላይ ስንደርስ ርዕሰ መምህሩ ሊዘለው ገጹን ገለበጠ።

«የትዳር ሁኔታህ ከሥራህ ጋር እንዴት ይሄዳል?» አልኩት ልጁን። 

ልጁ ሳቀ። ከዚያ ማንም እንዳልሳቀ ሲያይ ወደ ርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ። «ይቅርታ መምህርት፣ እሱ… እሱ ደግሞ ከሥራው ጋር ምን አገናኘው?» አለ።

ርዕሰ መምህሩ እኔን ረዘም አድርጎ አየኝ። ምን እያሰበ እንደነበር አላወቅሁም፤ ዛሬም አላውቅም፤ የሙከራ ጊዜ ቅጼን ሲሞላ አውቀው ይሆናል። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ አምስተኛውን ጥያቄ ሰረዘው። ሁለቱ ሴቶች ሲገቡ አልተጠየቁም።

እናንተም አንድ ቀን ከጠረጴዛው በዚያኛው ወገን ትቀመጡ ይሆናል። ሠራተኛ ልትመርጡ፣ የሰፈር ኮሚቴ ልታስመርጡ፣ ለሱቃችሁ አንድ ሰው ልትይዙ። ለሴቷ ልትጠይቁት ያሰባችሁትን ጥያቄ መጀመሪያ ለወንዱ ጠይቁት፤ ቃሉን ሳትለውጡ፣ ጮክ ብላችሁ። ፊቱን እዩት፤ የራሳችሁንም ድምፅ ስሙት። ብትፈሩም ጠይቁት፤ እኔም ፈርቼ ነው የጠየቅሁት። እስኪ ሞክሩት።